«ብሬክፋስት» ማለት «ፈጣን ዕረፍት» ነውን? ስለ ቃሉ አመጣጥና ስለ «ቁርስ»

ጥያቄ፦ የእንግሊዝኛ አስተማሪ፣ ደብረ ብርሃን

ለዚህ መድረክ ተሳታፊዎች በሙሉ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት ጥምር ቃላትን ስናጠና፣ ተማሪዎቼ «ብሬክፋስት» የሚለውን ቃል ለሁለት ከፍለው ትርጉሙን ራሳቸው እንዲያወጡ ጠየቅኋቸው። አንዲት ጎበዝ ተማሪ ተነሥታ «ብሬክ ዕረፍት ነው፣ ፋስት ደግሞ ፈጣን ነው፤ ስለዚህ ብሬክፋስት ማለት ሰው ወደ ሥራው ከመሄዱ በፊት በጥድፊያ የሚወስዳት አጭር ዕረፍት ናት» ብላ መለሰች። የክፍሉ ተማሪዎች በሙሉ ተስማሙ። እኔ ግን እዚህ ላይ «ፋስት» ጾም ማለት እንደ ሆነ፣ ቃሉም ሌሊቱን ሙሉ የቆየውን ጾም መስበርን እንደሚያመለክት ነገርኋቸው። ተማሪዋ በዚህ ብቻ አልረካችም። «ጾም እና ፍጥነት ምን አገናኝቷቸው በአንድ ቃል ይጠራሉ?» ስትለኝ የሚያጠግብ መልስ አጣሁላት፤ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ መልስ ይዤ እንደምመጣ ቃል ገብቼላታለሁ።

ከዚህ ጋር የተያያዙ ሁለት ሌሎች ነገሮችም ያሳስቡኛል። አንደኛው፣ የሥራ ባልደረባዬ «ቁርስ» የሚለው የኛ ቃል የተወሰደው የምግብ ተራን ከሚያመለክተው «ኮርስ» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ነው ብሎ አጥብቆ መከራከሩ ነው። እኔ አልተቀበልሁትም፤ ነገር ግን የማስረዳበት ማስረጃ በእጄ አልነበረም። ሁለተኛው፣ «ብሬክ» በአማርኛ ብዙውን ጊዜ «ሰበረ» ተብሎ ቢተረጎምም «ጾሙን ሰበረ» የሚለው አነጋገር ለጆሮዬ አይጥመኝም። ለተማሪዎቼ «ጾም መስበሪያ» ብዬ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ከጻፍሁ በኋላ ወዲያው ደምስሼዋለሁ። በትክክለኛው አማርኛ ምን ማለት ነበረብኝ? የምታውቁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ 1፦ የቋንቋ ታሪክ አንባቢ

የተከበሩ መምህር፣ ተማሪዎ ያቀረበችው ጥያቄ ከሁሉም የላቀ ስለ ሆነ ከእርሱ ብጀምር ደስ ይለኛል። መልሱን ባጭሩ ላስቀምጠው፦ ጾም የሚለው «ፋስት» እና ፈጣን የሚለው «ፋስት» በአጋጣሚ የተመሳሰሉ ሁለት ቃላት አይደሉም፤ ከአንድ ግንድ የወጡ ቅርንጫፎች ናቸው። ግንዱም ፍጥነትን አያመለክትም፤ ጾምንም አያመለክትም። የመጀመሪያ ትርጉሙ «ጽኑ፣ የማይነቃነቅ፣ በደንብ የታሰረ» ማለት ነው።

ይህ ጥንታዊ ትርጉም ዛሬም ከእንግሊዝኛው አልጠፋም። በአውሮፕላን ስንሳፈር ቀበቷችንን እንድናስር የምንታዘዝበት «ፋሰን» የሚለው ግስ ከዚሁ የወጣ ነው። በእምነቱ የማይናወጥ ሰው «ስቴድፋስት» ይባላል። ሲታጠብ ቀለሙ የማይለቅ ጨርቅም ቀለሙ «ፋስት» ነው ይባላል፤ ይህም ቀለሙ ጸንቶ ይዟል ማለት እንጂ ፈጣን ነው ማለት እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ከባድ እንቅልፍ የወሰደው ሰውም እንዲሁ «ፋስት አስሊፕ» ይባላል፤ ተማሪዋ ፈጣን የሚለውን ትርጉም ይዛ ይህንን ሐረግ ለመተርጎም ብትሞክር የትም እንደማያደርሳት ራሷ ታየዋለች።

ከዚህ «ጽኑ» ከሚለው ትርጉም ተነሥቶ ወደ ጾም የሚወስደው መንገድ ለኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች እንግዳ አይደለም። በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ፋስታን» የሚለው ግስ «አጸና» ማለትም ነበር፤ «ጾመ» ማለትም ነበር። የእንግሊዝኛ የሥጋ ዘመድ በሆነው በጎቲክ ቋንቋም ነገሩ ይኸው ነው፤ ውልፊላ የተባለው ጳጳስ በ4ኛው መቶ ዘመን (እ.ኤ.አ.) መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ጎቲክ በመለሰበት ጽሑፍ ውስጥ «ፋስታን» አንድ ጊዜ «ያዘ፣ ጠበቀ» ለማለት፣ ሌላ ጊዜ «ጾመ» ለማለት ያገለግላል። ሥርዓትን አጽንቶ መያዝ ቀስ በቀስ ከእህል መከልከል የሚል ትርጉም አገኘ ማለት ነው። ታዲያ እኛስ ምን እንላለን? «ዐቢይ ጾም መቼ ይያዛል?» «ጾም ይዣለሁ» እንላለን። ጾም በኛም ዘንድ የሚያዝ ነገር ነው። የጀርመን ነገዶችና የኢትዮጵያ ሰዎች ሳይተዋወቁ አንድ ዓይነት ሐሳብ በየራሳቸው ቃል ገልጸውታል፤ ለተማሪዎች ሲነገር ይህ ምንኛ ግሩም ምሳሌ እንደሚሆን ይታየኛል።

ወደ ፍጥነት የሚወስደው መንገድ ደግሞ በሌላ በኩል ያልፋል። «ጽኑ» የሚለው ቅጽል ወደ ተውሳከ ግስነት ሲለወጥ «አጥብቆ፣ በርትቶ» የሚል ትርጉም ያዘ። አንድ ሰው «በርትቶ ሮጠ» ሲባል ሰሚው የሚረዳው ኃይሉን ብቻ አይደለም፤ ፍጥነቱንም ጭምር ነው። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝኛ ይህ አነጋገር እየተደጋገመ ሲሄድ ብርታቱ እየደበዘዘ፣ ፍጥነቱ ብቻ ጎልቶ ቀረ። እኛም መንገደኛውን «በርታ በርታ በል፣ ሳይመሽብህ ግባ» ስንለው የምንጠይቀው እንዲፈጥን መሆኑን ልብ ይሏል።

የተማሪዎ ሁለተኛው ስሕተትም ቢሆን ፈጽሞ ከመስመር የወጣ አይደለም። ዕረፍት የሚለው «ብሬክ» ሰበረ፣ ቆረጠ፣ አቋረጠ ከሚለው ከዚያው ከ«ብሬክ» የመጣ ነው፤ ሥራን ማቋረጥ ነውና። ይሁን እንጂ ይህ ትርጉም ብዙ ዘግይቶ የመጣ ስለ ሆነ «ብሬክፋስት» ሲፈጠር ገና አልነበረም። ተማሪዋ ሁለቱንም ቃላት ከነቤተሰባቸው አግኝታቸዋለች፤ የተሳሳተችው ከአያቶቹ ፋንታ የልጅ ልጆቹን በመጥራቷ ነው።

ጥምር ቃሉ በጽሑፍ ተመዝግቦ የሚገኘው ከ15ኛው መቶ ዘመን (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት ጾምን መስበር የሚለው አነጋገር እንደ ሙሉ ሐረግ ይነገር ነበር፤ ሐረጉ ተጨምቆ አንድ ስም ሆነ። ከዚያም አስቀድሞ በጥንታዊው እንግሊዝኛ የጠዋቱ ምግብ «ሞርገንሜቴ» ይባል ነበር፤ «ሞርገን» ጠዋት ነው፣ «ሜቴ» ደግሞ ዛሬ ሥጋ ብቻ የሚባልበት «ሚት» ነው፤ በዚያ ዘመን ግን ማንኛውንም ምግብ ያመለክት ነበር።

ለሰዋስው ትምህርትዎ የሚጠቅም አንድ ነገር ልጨምር። አብዛኞቹ የእንግሊዝኛ ጥምር ቃላት ዋና ፍሬያቸውን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣሉ፤ «ቱዝብራሽ» የብሩሽ ዓይነት ነው፣ «ፉትቦል» የኳስ ዓይነት ነው። «ብሬክፋስት» ግን የጾም ዓይነት አይደለም። ግሱ ቀድሞ ተሳቢው ተከትሎ የተሠራ ነው፤ ኪስ አውላቂውን «ፒክፖኬት»፣ በማሳ ላይ የሚቆመውን የወፍ ማስፈራሪያ «ስኬርክሮው» ብለው እንደ ሰየሙት ያለ ነው። አማርኛ ይህንኑ ሲሠራ ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል፤ «አገር አቋራጭ»፣ «ቆዳ ፋቂ»፣ «ውሃ ቀጂ» እንላለን። ስለ «ቁርስ» የጠየቁትን ከኔ የበለጠ ለሚያውቁ እተዋለሁ።

መልስ 2፦ የግዕዝ ተማሪ፣ ጎንደር

ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ «ጾም መያዝ» የሚለውን አነጋገራችንን እንደ አዲስ እንድመለከተው አድርጎኛል። እኔ በአማርኛው በኩል ያለውን ልጨምር።

«ቁርስ» ከ«ኮርስ» መጣ የሚለው ሐሳብ የሚወድቀው በመጀመሪያው ፊደል ላይ ነው። በቅርብ ዘመን ከአውሮፓ ቋንቋዎች የተዋስናቸው ይህን የመሰለ ድምፅ ያላቸው ቃላት በ«ከ» ቤት ይገባሉ፤ ኬክ፣ ኮት፣ ካፌ፣ ኩባንያ እንላለን፣ «ኮርስ» የሚለውንም ራሱን ለትምህርት ስንዋሰው «ኮርስ ወሰድሁ» እያልን በ«ኮ» እንጽፈዋለን፣ በ«ኮ»ም እንጠራዋለን። ባልደረባዎ እንዳሉት ቢሆን ኖሮ ይኸው አንድ ቃል በአንዱ በር ሲገባ «ቀ»ን፣ በሌላው በር ሲገባ «ከ»ን የሚይዝበት ምክንያት ሊነገረን ይገባ ነበር። ከዚህም በላይ «ቁርስ» ብቸኛ ቃል አይደለም፤ «ቆረሰ» የሚል ግስ፣ «ቁራሽ» የሚል ስም፣ «ቁርስራሽ» የሚል ድግም አለው። በትግርኛም «ቁርሲ» ይባላል። እንዲህ ያለ ቤተሰብ ያለውን ቃል ወላጅ አልባ አድርጎ ለባዕድ መስጠት አይገባም።

ዋናው ነገር ግን ይህ «ቆረሰ» የሚለው ግስ ምን ዓይነት መስበር እንደ ሆነ ማስተዋል ነው። አጥንት፣ ብርጭቆና ዱላ ይሰበራሉ፤ ገመድና ሥጋ ይቆረጣሉ፤ እንጀራና ዳቦ ግን ይቆረሳሉ። በበዓል ቀን ድፎ ዳቦው ቀርቦ የቤቱ ታላቅ ባርኮ ሲከፍለው በቢላዋም ቢሆን «ዳቦ ተቆረሰ» እንላለን፤ በልደት ቀንም ኬክ «ይቆረሳል»። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ጌታ ኅብስቱን አንሥቶ ለደቀ መዛሙርቱ ሲሰጥ የተነገረው ግስ ይኸው ነው፤ በቅዳሴውም ሥጋው ስለ እኛ መቆረሱ ይነገራል። ሰው ከርስቱ ላይ ለልጁ «መሬት ቆርሶ ሰጠው» ሲባልም ከሙሉው ላይ ለሌላው የሚሆን ክፍል አንሥቶ ማካፈሉን ያሳያል። ስለዚህ «ቆረሰ» በውስጡ የመጋራትን ሐሳብ የያዘ ነው ብዬ አምናለሁ፤ «ሰበረ» ይህ የለውም።

እንግዲህ «ብሬክፋስት»ም «ቁርስ»ም በአንድ ዓይነት ግስ ላይ የቆሙ ሆነው የሚለያዩት በተሳቢያቸው ነው። እንግሊዛዊው የሚሰብረው ጾሙን ነው፤ እኛ የምንቆርሰው እንጀራውን ነው። አንዱ የሌላው ትርጉም ነው የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ነገር ግን ልዩነቱ ከመመሳሰሉ ይበልጣል።

መምህሩ «ጾም መስበሪያ» ብለው ጽፈው መደምሰሳቸው ትክክል ነው። አማርኛ ጾምን በተመለከተ ሦስት ግሶች አሉት፤ አይቀላቀሉም። ጾሙ በሥርዓቱ ተፈጽሞ ሲያበቃ «ጾም ተፈታ» እንላለን፤ የተያዘ ነገር የሚፈታ መሆኑ ከላይ ከተባለው ጋር እንዴት እንደሚገጥም ይመልከቱ። ሰው ሥርዓቱን ጥሶ ከበላ ግን «ጾም ሻረ» ወይም «ጾም ገደፈ» ይባላል፤ «ግድፈት» የሚለው ቃል ከዚሁ ከ«ገደፈ» ነው። እንግሊዝኛው «ብሬክ» ሁለቱንም፣ ማለትም የተፈቀደውንም የተከለከለውንም ይሸፍናል። ስለዚህ «ብሬክፋስት»ን ቃል በቃል ማስረዳት ካስፈለገ «ጾም መፍቻ» ማለት የሚሻል ይመስለኛል። የሙስሊም ወገኖቻችን «ኢፍጣር» እና «ማፍጠር» የሚሉት አነጋገርም መሠረቱ መሰንጠቅንና መክፈልን የሚያመለክት የዐረብኛ ሥር ነው፤ በብዙ የዐረብ አገሮች የዕለት ተዕለቱ ቁርስ «ፉጡር» ተብሎ የሚጠራውም ከዚሁ የተነሣ ነው። ከእንግሊዝኛው ጋር በሐሳብ የሚገጥመው ከኛ «ቁርስ» ይልቅ ይህኛው ነው።

መልስ 3፦ ከሽቱትጋርት

በጀርመን አገር የምኖር ስለ ሆንሁ ከዚህ ወገን ያለውን ላካፍላችሁ። ጀርመኖች «ፋስተን» የሚል ግስ አላቸው፤ ከእንግሊዝኛው «ፋስት» ጋር አንድ ነው፣ ትርጉሙም መጾም ነው። ይሁን እንጂ የጠዋት ምግባቸውን ከጾም ጋር አላያያዙትም። «ፍሩሽቱክ» ይሉታል። «ፍሩ» ማለዳ ነው፣ «ሽቱክ» ቁራጭ ወይም ቁራሽ ነው። በጥንት ጊዜ በማለዳ የሚቀመስ አንድ ቁራሽ ዳቦን ያመለክት ነበር።

የግዕዝ ተማሪው የጻፉትን ሳነብ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ ብል ማጋነን አይሆንም፤ ምክንያቱም «ፍሩሽቱክ» ወደ አማርኛ ቢመለስ «የማለዳ ቁራሽ» ነው የሚሆነው፤ «ቁራሽ» እና «ቁርስ» ደግሞ ከአንድ ግስ የወጡ ናቸው። እንግሊዝኛና ጀርመንኛ የአንድ ቤት ልጆች ሆነው ሳለ በዚህ ቃል ተለያይተዋል፤ ጀርመንኛው ከኛ ከሩቆቹ ጋር ገጥሟል። ሁለታችንም የጠየቅነው «ምን ተበላ?» ብለን ነው፤ እንግሊዞቹ ግን «ምን አበቃ?» ብለው ጠየቁ።

ልጆቼ እዚህ ተወልደው ያደጉ ናቸው፤ አማርኛ የሚማሩት ከኔና ከእናታቸው ብቻ ነው። ትናንት ማታ ይህንን ስነግራቸው ትልቁ ልጄ «ታዲያ ቁርስ ስንል ቁራሽ ማለታችን ከሆነ ለምን ሙሉ ሳህን ፍርፍር ታቀርቡልናላችሁ?» አለኝ። ቃሉ ሲጸና ምግቡ ትንሽ እንደ ነበረ፣ ምግቡ ሲያድግ ቃሉ እንደ ቀረ ነገርሁት፤ ያሳመንሁት ይመስለኛል።

የጠያቂው ተጨማሪ ጥያቄ፦ የእንግሊዝኛ አስተማሪ፣ ደብረ ብርሃን

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከጠበቅሁት በላይ ነው ያገኘሁት። ነገር ግን ካነበብሁ በኋላ ሦስት ነገሮች ተፈጠሩብኝ።

የመጀመሪያው፣ የኛው «ጠበቀ» የሚለው ቃል «ቋጠሮው ጠበቀ» ሲባል ጽኑ መሆንን፣ «ሕግ ጠበቀ» ሲባል ደግሞ ሥርዓትን መያዝን ያመለክታል። ይህ ከጎቲኩ «ፋስታን» ጋር አንድ ዓይነት ጉዞ አይደለምን? ሁለተኛው፣ ባልደረባዬ አሁን ደግሞ «ተራው የእንግሊዝ ገበሬ ሌሊት ተኝቶ ሲያድር ጾም ላይ ነኝ ብሎ አያስብም፤ ስለዚህ ቃሉ ከሃይማኖት ጋር አይገናኝም» ብሎኛል። ሦስተኛው፣ «ብሬክ»ን ለብቻው ስናነብ በ«ሬ» ነው፤ ተወላጆቹ ጥምር ቃሉን ሲናገሩ ግን «ብረክፈስት» የሚሉ ያህል አጭር ሆኖ ይሰማኛል። ይህ የጆሮዬ ስሕተት ነው?

መልስ 4፦ የግዕዝ ተማሪ፣ ጎንደር

ስለ «ጠበቀ» የተነሣውን ልመልስ። ሐሳቡ ያማልላል፤ ነገር ግን ሁለቱን አንድ ቃል ናቸው ማለት አይቻልም። በኃላፊው ጊዜ «ጠበቀ» ተብለው በአንድ ድምፅ ስለሚነገሩ ነው የተመሳሰሉት። በአሁኑ ጊዜ ሲነገሩ ይለያያሉ፤ «ቋጠሮው ይጠብቃል» ስንል «ብ» ላልታ ትነገራለች፣ «ዘበኛው በሩን ይጠብቃል» ስንል ግን «ብ» ትጠብቃለች። ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን ስለማያሳይ ዐይን ይሳሳታል እንጂ ጆሮ አይሳሳትም። ስለዚህ ለተማሪዎች የሐሳብ ተመሳሳይነት ለማሳየት «ጾም ያዘ» የሚለው ይበቃል፤ «ጠበቀ»ን ባይጨምሩበት እመርጣለሁ።

የባልደረባዎን ክርክር በተመለከተ አማርኛው ራሱ ጥሩ ምስክር ነው። እራቱን ሳይበላ የተኛ ሰው «ጦሙን አደረ» ይባላል፤ ይህ ሰው ለጽድቅ ብሎ አልጾመም፣ ስላጣ ወይም ስለ ደከመው ነው። ሳይታረስ የቀረ መሬት ሳይቀር «ጦም አደረ» ይባላል። የሃይማኖት ቃል ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ወጥቶ በየጓዳውና በየማሳው እንዲህ ይሠራል፤ ሲወጣ ግን ከየት እንደ መጣ አይረሳም። የእንግሊዙ ገበሬም ቃሉን ሲጠቀም ጸሎት ላይ ነኝ ባይልም፣ ቃሉን ያገኘው ጾም የኑሮ ሥርዓት ከሆነበት ማኅበረሰብ ነው።

መልስ 5፦ ነርስ፣ ሞንትሪያል

ሃይማኖታዊው ነገር እንዲሁ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በላቲን የጾመ ወይም ሆዱ ባዶ የሆነ ሰው «ዬዩኑስ» ይባል ነበር፤ በሙያዬ በየቀኑ የማገኘው የትንሹ አንጀት መካከለኛ ክፍል ስም «ጄጁነም» ከዚህ የመጣ ነው፤ የጥንት ሐኪሞች አስከሬን ሲመረምሩ ይህንን ክፍል ባዶ ሆኖ ያገኙት ስለ ነበረ «ጾመኛው» ብለው ሰየሙት። ከዚሁ ቃል ላይ ማፍረስን የሚያመለክት ቅድመ ቅጥያ ተጨምሮ «ጾምን መፍታት» የሚል ግስ ተፈጠረ። ፈረንሳይኛ ከዚህ አንድ ግስ ሁለት ቃላት አወጣ፤ «ዴዥኔ» እና «ዲኔ»። ሁለተኛው ወደ እንግሊዝኛ ተሻግሮ «ዲነር» ሆነ።

እስቲ ይህንን አስተውሉት፤ እንግሊዛዊው ጠዋት «ብሬክፋስት» ሲል ጾሜን ፈታሁ ማለቱ ነው፤ ማታ «ዲነር» ሲልም በሥረ ቃሉ ጾሜን ፈታሁ እያለ ነው፤ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ጾሙን ይፈታል! ይህ የሆነው «ዲነር» በመጀመሪያ የቀኑን የመጀመሪያ ትልቅ ምግብ ያመለክት ስለ ነበረና ባለፉት በርካታ መቶ ዓመታት የምግቡ ሰዓት እየገፋ እየገፋ ወደ ማታ ስለ ሄደ ነው። በፓሪስም እንዲሁ ሆኖ «ዴዥኔ» ወደ ምሳ ተሸጋገረ፤ ለጠዋቱ «ትንሹ ዴዥኔ» የሚል አዲስ ስም ወጣለት። እዚህ በኬቤክ ግን አሮጌው ሥርዓት ስላልተለወጠ «ዴዥኔ» አሁንም ቁርስ ነው፣ «ዲኔ» ምሳ ነው፣ እራቱ «ሱፔ» ይባላል። ወደዚህ አገር በመጣሁበት የመጀመሪያ ወር፣ ከፓሪስ የመጣች የሥራ ጓደኛዬ ለ«ዴዥኔ» ጋብዛኝ እኔ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በሯን ሳንኳኳ በመኝታ ልብሷ ከፈተችልኝ። እርሷ የጠራችኝ ለምሳ ነበር።

መልስ 6፦ የቋንቋ ታሪክ አንባቢ

የነርሷ ማስረጃ ያሰብሁትን ሁሉ አቅልሎልኛል። የባልደረባዎን ክርክር በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ የተለመዱት ማዕዶች ሁለት ነበሩ፤ የቀትሩና የማታው። ጎህ ሲቀድ መብላት ለሕፃናት፣ ለሕሙማንና ለጉልበት ሠራተኞች የሚፈቀድ እንጂ ለሌላው የሚያስመሰግን አልነበረም፤ በ13ኛው መቶ ዘመን (እ.ኤ.አ.) ቶማስ አኩዊናስ የሆዳምነትን ዓይነቶች ሲዘረዝር ከሰዓቱ ቀድሞ መብላትን ከእነርሱ አንዱ አድርጎ ቆጥሮታል። ለቁርባን የሚቀርብ ሰውም ከዚያ በፊት ምንም እንዳይቀምስ ይጠበቅበት ነበር፤ ይህ ለኛ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ከዚህ ጋር ተያይዞ «አፍተርኑን» የሚለውን ሌላ ጥምር ቃል ለክፍልዎ ቢያቀርቡት እወዳለሁ። «ኑን» ዛሬ ቀትር ነው፤ ነገር ግን የመጣው ዘጠነኛ ከሚለው የላቲን ቃል ከ«ኖና» ሲሆን በጥንታዊው እንግሊዝኛ ከፀሐይ መውጣት ጀምሮ የሚቆጠረውን ዘጠነኛውን ሰዓት ያመለክት ነበር። ይኸውም እኛ ዛሬም ዘጠኝ ሰዓት የምንለው፣ እነርሱ ደግሞ አሁን ከቀትር በኋላ ሦስት ሰዓት የሚሉት ነው። እስከ 14ኛው መቶ ዘመን ድረስ ቃሉ ቀስ በቀስ ወደ ስድስት ሰዓት ተመለሰ፤ ሊቃውንት ይህንን በገዳማት የጸሎቱና የማዕዱ ሰዓት ቀደም እያለ ከመምጣቱ ጋር ያያይዙታል። በረቡዕና በዓርብ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ተማሪ፣ እንግሊዞች ረስተውት በቃላቸው ውስጥ የተቀበረውን ሰዓት እርሱ በተግባር እንደሚጠብቀው ሲያውቅ ቃሉን የሚረሳው አይመስለኝም።

ስለ አነባበቡ፣ ጆሮዎ አልተሳሳተም። በእንግሊዝኛ ሁለት ቃላት ለረጅም ጊዜ ተጣምረው እንደ አንድ ሲቆጠሩ፣ በተለይ ተነባቢዎች ሲደራረቡ፣ የፊተኛው ቃል ረጅም አናባቢ ያጥራል። «ሺፕ» በግ ነው፣ እረኛው ግን «ሼፐርድ» ነው። «ቫይን» ወይን ነው፣ የወይኑ ቦታ ግን «ቪንያርድ» ነው። ቤት የሚለው «ሃውስ» ባል በሚለው «ሀዝበንድ» ውስጥ አጥሮ ተደብቋል። የኋለኛውም ክፍል ኃይሉን ያጣል፤ ኩባያ የሚደረደርበት ሰሌዳ የነበረው «ካፕ» እና «ቦርድ» ተዋሕዶ ዛሬ «ከበርድ» ይባላል፤ የመካከሉ «ፕ» ከነጭራሹ አይሰማም። «ብሬክ» እና «ፋስት»ም እንዲሁ ሁለቱም ወገን አጥረው «ብረክፈስት» ሆኑ። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሁለቱን ቃላት ለየብቻ ይጻፉና ተማሪዎቹ መጀመሪያ ለየብቻ፣ ከዚያም አጣምረው እንዲያነቡ ያድርጉ፤ ያቺ ተማሪ «ፋስት» የሚለውን ክፍል ከጥምር ቃሉ ውስጥ ፈልጋ በጆሮዋ ስታጣው፣ እንግሊዛዊውም በየጠዋቱ ስለ ጾም ሳያስብ ቃሉን የሚናገረው ለምን እንደ ሆነ ራሷ ትነግርዎታለች።